የሾላ ቅመም፣ የዛሬ ወይን

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ጓዳ ይዟችሁ ይገባል። ርእሳችን ቅመም የገባበት ወይን ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶችና በባለጸጋ ነጋዴዎች ቤት ይቀርብ የነበረውን መጠጥ፣ ዛሬ ከሱቅ በምንገዛው ወይን እንዴት መልሰን መሥራት እንደምንችል እንነጋገራለን።

ለምን አሁን ትሉ ይሆናል። በገናና በጥምቀት መካከል ያለውን ብርድ የካ አባዶ የሚኖር ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ፀሐይዋ ጥልቅ እንዳለች ጋቢውን ፍለጋ ይገባል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቀልድ አያውቅም። ለበዓል ከባሕር ማዶ የመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ በዚሁ ሰሞን እነሱ በሚኖሩበት አገር በየአደባባዩ እየሞቀ ስለሚሸጠው ቅመም ያለው ወይን ያወራሉ። «እዚህ ይሠራ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይሠራል። እንዲያውም የጥንቱን ለመሥራት ከእነሱ ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል። ለምን እንደሆነ ሾላ ገበያ ስንደርስ ትሰማላችሁ።

ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1112፣ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አንሥቷል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ስለዚህ የማንንም ፋብሪካ ወይን በስሙ ጠርቼ «ይህን ግዙ» አልልም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እንዴት እንደምታነቡ ግን አሳያችኋለሁ። ለዛሬው ሥራ እሱ ይበቃችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ መጠጡ ምን ዓይነት ነበር? አውሮፓውያን ሂፖክራስ ይሉት ነበር። አሠራሩን ከሚነግሩን መጻሕፍት ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው የእንግሊዙ ንጉሥ የዳግማዊ ሪቻርድ ወጥ ቤቶች በ1390 ገደማ ያጠናቀሩት «ፎርም ኦቭ ኩሪ» ነው። ሁለተኛው «ለ ሜናዢዬ ደ ፓሪ» ይባላል፤ በ1393 ገደማ በፓሪስ ከተማ አንድ በዕድሜ የገፋ ባለጸጋ ለወጣት ሚስቱ የቤት አያያዝ ማስተማሪያ እንዲሆናት የጻፈው ነው። ከአዋጁ ዓመት በቀር እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

የፓሪሱ ሰው ቅመሙን በሚዛን ለክቶ ነው የሚናገረው። ከሁሉ የሚበዛው ቀረፋ ነው። ዝንጅብልና «የገነት ፍሬ» የተባለው ቅመም ከቀረፋው አንሰው እኩል በእኩል ይገባሉ። ገውዝና ጋላንጋል፣ ማለትም የዝንጅብል ዘመድ የሆነ ሥር፣ በጥቂቱ ይከተላሉ። ሁሉም ተወቅጦ ከስኳር ጋር ወይኑ ውስጥ ይገባና በጨርቅ ከረጢት ተደጋግሞ ይጠለላል። የእንግሊዞቹ ወጥ ቤቶች ደግሞ ቅርንፉድና ረጅሙን በርበሬ ይጨምራሉ፤ ረጅሙ በርበሬ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው። ስኳር በዚያ ዘመን ውድ ስለነበር በማር የሚሠራም ነበረ፤ እሱን ክላሬ ይሉታል።

መጠጡ የሚቀርበው ማዕድ ሲያበቃ ነው። የዘመኑ ሐኪሞች ቅመም ሆድን ያሞቃል፣ የተበላውንም ያንሸራሽራል ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ስስ ቂጣ ከመሰለ ጣፋጭ ጋር በትንሽ በትንሹ ይጠጡት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛውን ነው የሚጠጡት። በገና ገበያ አሙቆ መሸጡ የኋላ ኋላ የመጣ ልማድ ነው። ስለዚህ የዘመዶቻችን ትኩስ ወይን የዚህ መጠጥ የልጅ ልጅ ቢሆን ነው።

ያ ዘመን በእኛ አገር ማን የነገሠበት ነበር? የፓሪሱ መጽሐፍ ሲጻፍ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ዳዊት ናቸው። የእሳቸው መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ገብተዋል፤ ለከተማይቱ መሪዎች ካቀረቡት ገጸ በረከት መካከል ነብሮች ነበሩበት። ቬኒስ ደግሞ የዚያ ዘመን የቅመም ንግድ ዋና በር ናት። ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ እዚያው ቬኒስ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በሠራው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ተጽፋለች። ቦታዋን የፈለጉ ተመራማሪዎች ፍለጋቸውን ያተኮሩት በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ባለው አገር ላይ ነው። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያየ ሰው የረርን ያገኘዋል። የመካከለኛው ዘመን ከደጃችን የራቀ ታሪክ አይደለም ለማለት ነው።

አንድ የተለመደ ስሕተት ደግሞ እናርም። ብዙ ሰው ቅመም የሚጨመረው የተበላሸ ወይን ጣዕሙ እንዲሸፈን ነው ይላል። ሒሳቡ ግን አይገጥምም። ዝንጅብልና ቀረፋ ከእስያ ተነሥተው በመርከብና በግመል፣ በብዙ ነጋዴ እጅ አልፈው ነበር አውሮፓ የሚደርሱት። ያን ሁሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ቅመሙን በሆምጣጤ ላይ አያፈሰውም። ይህን የማነሣው ለሥራችን ስለሚጠቅም ነው። ከበዓል ተርፎ፣ ቡሹ ተከፍቶ ሳምንት የሰነበተ ወይን ቤት ውስጥ ካለ ለዚህ ጉዳይ አታስቡት። ቅመም የወይኑን ነውር ያጎላዋል እንጂ አይደብቀውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ወይኑ እንምጣ። የድሮውን ለመምሰል የድሮው ወይን ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ አለብን።

በዚያ ዘመን በቡሽ የታሸገ የመስታወት ጠርሙስ አልነበረም፤ እሱ የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ወይን በእንጨት በርሜል ተቀምጦ ከበርሜሉ እየተቀዳ ይሸጣል። በርሜሉ እየጎደለ በሄደ ቁጥር አየር ይገባና ወይኑ ወደ ሆምጣጤ ያደላል። ስለዚህ የዘንድሮው ወይን ውድ፣ ያምናው ርካሽ ነበር፤ ዛሬ «የቆየ ወይን» ብለን ከምንጨምረው ዋጋ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ከፈረንሳዩ ጋስኮኝ አገር ወደ እንግሊዝ በየዓመቱ በመርከብ ይጫን የነበረው ቀይ ወይንም እንደዛሬው ጥቁር ቀይ አልነበረም። ጭማቂው ከወይኑ ልጣጭ ጋር ብዙ ሳይቆይ ስለሚለይ መልኩ ፈዘዝ ያለ፣ ጣዕሙ ቀለል ያለ ነበር። ከቀርጤስና ከግሪክ ደሴቶች አካባቢ ደግሞ ማልምዚ የሚባል ጣፋጭ ወይን ይመጣ ነበር፤ ዋጋው ከበድ ስለሚል የትልልቅ ሰዎች መጠጥ ነው።

እንግዲህ መመዘኛችን ከዚህ ይወጣል። አንደኛ፣ ወይኑ ወጣት ይሁን። ጠርሙሱ ላይ የመከሩ ዓመት ተጽፎ ከሆነ ቅርቡን ምረጡ። ያልተጻፈበት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቶሎ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ሁለተኛ፣ አፍ የሚያኮማትር አይሁን። ይህ ዋናው ነጥብ ነው። ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ብዙ የፈላ ሻይ ድድና ምላስ ላይ የሚተወውን ድርቀት አስቡ፤ እሱ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድም የራሳቸው ታኒን አላቸው። ታኒን የበዛበት ወይን ላይ እነዚህን ስትጨምሩ ሁለቱ ተደራርበው መራራ ይሆናል፤ ስኳር ብታበዙም አይመለስም። ጠርሙሱ ላይ «ካበርኔ ሶቪኞን» የሚል ካነበባችሁ ታኒኑ ጠንከር ያለ ነው፤ ለሥጋ ተዉት። «ሜርሎ» የሚል ከሆነ በአመዛኙ ለስለስ ይላል። «ሲራ» የሚባለው በመካከል ነው፤ የራሱ የቁንዶ በርበሬ ሽታ ስላለው ከቅመሙ ጋር ይስማማል፤ ግን ከበድ ያለ ስለሆነ ቅመሙን ቀነስ አድርጉለት። እነዚህ ሦስቱ ቀያዮች ከነጩ ሻርዶኔ ጋር በአገራችንም ይበቅላሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ የተተከሉት የወይን ማሳዎች የመጀመሪያ ጠርሙሳቸውን ለገበያ ያቀረቡት በ2014 ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአዋሽ ሸለቆ በመርቲ የሚለማው ወይን የከተማችንን ብርጭቆ ሲሞላ ኖሯል።

ሦስተኛ፣ በአዲስ የኦክ በርሜል የቆየ አይሁን። የመካከለኛው ዘመን ሰዎችም በእንጨት በርሜል ያስቀምጡ አልነበር ወይ ብትሉ፣ አዎ፣ ነገር ግን በርሜሉ ደጋግሞ ያገለገለ ስለሆነ ጣዕሙን ለወይኑ ሰጥቶ የጨረሰ ነው። ዛሬ ሆን ተብሎ በአዲስ በርሜል የሚቆይ ወይን የቫኒላና የጭስ ጣዕም ይዞ ይመጣል፤ ያ ጣዕም ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር ይጣላል። ጠርሙሱ ላይ ኦክ ወይም በርሜል የሚል ቃል ካያችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱት። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ከፍ ያለው እሱ ስለሆነ ገንዘባችሁም ይተርፋል።

አራተኛ፣ ኮምጠጥ የሚል ይሁን። ማር ወይም ስኳር ስለምንጨምርበት፣ ከመጀመሪያው ለዘብ ያለ ወይን መጨረሻው ሽሮፕ ይሆናል። አልኮሉም ከ12 እስከ 13 በመቶ ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ከቅመሙ ጋር ተባብሮ ጉሮሮ ያቃጥላል።

አምስተኛ፣ የጣፋጭነቱ ነገር። በአገራችን ሱቆች ብዙ ሰው የሚወደው ጣፋጩን ነው፤ ጠርሙሱ ላይ «ስዊት» ወይም «ሚዲየም ስዊት» ይላል። ስኳር የሌለበት «ድራይ» ይባላል። ለዚህ ሥራ የምመርጠው ድራዩን ነው፤ ምክንያቱም የጣፋጩ ልክ በእጃችሁ ይሆናል። ቤት ያለው ጣፋጩ ከሆነ አትጣሉት፤ የማልምዚ ዘመድ አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ማሩን ግን ከግማሽ በታች አውርዱ። ነጭ ወይንም በሚገባ ይሆናል። በነጭ ስትሠሩ ቅርንፉዱን ቀንሳችሁ ዝንጅብሉን ከፍ አድርጉ።

ሱቅ ቆሞ አምስቱንም መመዘኛ ማስታወስ ለከበደው ሰው ቤት የሚሠራ ፈተና አለ። የገዛችሁትን ወይን በቡና ሲኒ ግማሽ ያህል ቅዱ። በጣት ጫፍ የተያዘ የቀረፋ ዱቄትና ትንሽ ማር ጨምሩበትና አማስሉ። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ቅመሱት። ቀረፋው ከወይኑ ተለይቶ ምላስ ላይ ከደረቀ ወይኑ ከብዷል። የወይኑ ፍሬ ጣዕም ቀድሞ መጥቶ ቀረፋው ከኋላ ከተከተለ መርጣችኋል። ጠርሙሱን ሙሉ ከማበላሸት በአንድ ሲኒ መማር ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀጥለን ሾላ ገበያ እንውረድ። ከየካ አባዶ ተነሥቶ መገናኛ ለደረሰ ሰው ቅርብ ነው። ቅመም ተራ ገብታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ኮረሪማ ነው።

የፓሪሱ ሰው «የገነት ፍሬ» ያለው ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በሰሐራ በኩል አውሮፓ ይደርስ የነበረ ቅመም ነው። የእኛ ኮረሪማ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም አፍራሞመም ከሚባለው የተክል ወገን ናቸው። የገነት ፍሬ ከአውሮፓ ጓዳ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል፤ ዛሬ መጠጡን ሊሠራ የሚነሣ አውሮፓዊ በልዩ መደብር ፈልጎ ነው የሚያገኘው። እኛ ዘንድ የከፋና የጅማ ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ ይሸጣል። ስትመርጡ አንዱን ፍሬ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅነቅ አድርጉት፤ ውስጡ የደረቀ ከሆነ ዘሩ ይንሾሻል። ቅርፊቱን ስትሰብሩት ዘሩ ቡናማና የሚያብረቀርቅ፣ ስትደቁሱት ሽታው አፍንጫ የሚከፍት መሆን አለበት። ቅርፊቱ የተሰነጠቀውን ተዉት፤ ሽታው አምልጧል። ከገነት ፍሬ የሚለየው የማቃጠል ኃይሉ አነስ ማለቱ ነው። እሱን ለማሟላት ጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ።

ሁለተኛው ጥምዝ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ወጥ ቤቶች የተጠቀሙበት ረጅም በርበሬ ከህንድ ይመጣ የነበረ ሲሆን፣ የእኛ ጥምዝ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ የሚበቅል ዘመዱ ነው። ቁንዶ በርበሬ ገበያውን ሲቆጣጠር አውሮፓ ረጅሙን በርበሬ ረሳችው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ በሚጥሚጣና በቅቤ ማንጠሪያ ቅመም ውስጥ እንጨምረዋለን። ጥምዝ ብዙ ጊዜ በጭስ ላይ ስለሚደርቅ የጭስ ሽታ አለው። ስለዚህ ለአንድ ጠርሙስ ወይን ግማሽ ፍሬ ይበቃል፤ ሙሉውን ካስገባችሁ ወይኑ ምድጃ ምድጃ ይሸታል።

ስለ ትኩስ ወይን ያወሩልን ዘመዶቻችን በሚኖሩበት አገር እነዚህን ሁለቱን በቀላሉ አያገኙም። ይቀርበናል ያልኩት ለዚህ ነው።

ቀረፋ ላይ ጥቂት እንቆይ። ልጡ ስስ ሆኖ እንደ ወረቀት ተደራርቦ የተጠቀለለው የሲሎን ቀረፋ ነው፤ በጣት ይሰበራል፤ ጣዕሙም ለስላሳ ነው። ወፍራምና ጠንካራ፣ አንድ ድርብ ብቻ የሆነው ካሲያ ይባላል፤ ኃይለኛ ነው። በሁለቱም ይሠራል፤ በካሲያ ስትሠሩ ግን መጠኑን አሳንሱ። የተፈጨ የቀረፋ ዱቄት አትግዙ። ዱቄቱ ወይን ውስጥ ሲቆይ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ነገር ያወጣና ማጥለያውን ይደፍናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ታድራላችሁ። ለሲኒው ፈተና ጥቂት ከሙቀጫ ማግኘት ይቻላል። ዝንጅብሉ ደረቅ ይሁን፤ እርጥቡ የሽንኩርት ወጥ ያስታውሳል። ቅርንፉድና ገውዝ ከቅመም ተራው አይጠፉም፤ ጋላንጋል ባታገኙ ዝንጅብሉን በትንሹ ጨምሩበት።

አሁን መጻፊያ ያዙ። ለአንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ድራይ ወይን፦ ሁለት አጫጭር የቀረፋ እንጨት፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ደረቅ ዝንጅብል፤ የአንድ ትንሽ ኮረሪማ ዘር፤ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፤ ግማሽ ጥምዝ፤ አምስት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፤ ተፈቅፍቆ በሁለት ጣት የሚያዝ ገውዝ፤ 100 ግራም ማር፣ ይኸውም አምስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። ነጭ ማር ሽታው ስለማይጫን ቅመሙ ይሰማል። ደማቁ የጫካ ማር የራሱን ጣዕም ያመጣል፤ እሱን ለምትወዱም ይሆናል።

ቅመሙን በሙቀጫ ከፈል ከፈል እስኪል ብቻ ሸክሽኩት፤ ዱቄት አይሁን። ከወይኑ ሩብ ያህሉን ብቻ ለብ አድርጋችሁ ማሩን አሟሙበት። ይህን ስታደርጉ የአልሙኒየም ድስት አትጠቀሙ፤ የወይን ኮምጣጣነት ከአልሙኒየም ጋር አይስማማም። አይዝጌ ብረት ወይም የኢናሜል ዕቃ ይሁን። ከዚያ ከቀሪው ቀዝቃዛ ወይን ጋር ቀላቅሉት፣ ቅመሙን ጨምሩ፣ ከድናችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከስድስት ሰዓት በኋላ ቅመሱ። ቅመሙ ከበቃችሁ አጥሉት፤ ካልበቃችሁ እስከ 24 ሰዓት መሄድ ይችላል። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ቅርንፉዱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ለማጥለል ታጥቦ የሳሙና ሽታ የሌለው አቡጀዲ እጥፍ አድርጉ። የመጀመሪያው ማጥለል ደፍረስ ያለ ይሆናል። በዚያው ጨርቅ፣ ቅመሙ እንደተቀመጠበት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ አሳልፉት። ዝቃጩ ራሱ ማጥለያ ስለሚሆን በየዙሩ እየጠራ ይመጣል። የድሮዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከረጢቶቹን በተርታ ሰቅለው ወይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሳልፉት ነበር። ጨርቁን አትጭመቁት፤ ከጨመቃችሁት የጠራው ሁሉ መልሶ ይደፈርሳል። የተጠለለውን በንጹሕ ጠርሙስ ዘግታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ቀን ብታሳድሩት ቅመሙና ማሩ ይዋሓዳሉ። በሳምንት ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱት።

በትኩሱ ካልጠጣሁ የሚል አለ፤ በዚህ ብርድ አልፈርድበትም። እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ አስቡ። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አልኮልም ከባሕር ጠረፍ ይልቅ እዚህ ቀድሞ ይተናል። የውጭ አገር መመሪያ «ሃያ ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ» ቢላችሁ አትስሙት። እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከላዩ እንፋሎት ብቅ ሲልና ገና አንዲት አረፋ ሳትወጣ አውርዱት። የተጠለለውን ካሞቃችሁ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ቅመሙ አብሮ ስለማይፈላ አይመርም።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ርእስ ስናዘጋጅ በተደጋጋሚ የቀረበልን ጥያቄ አለ። በጠጅ መሥራት አይቻልም ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስለ ማር ጠጅ ብዙ ጽፏል። የወይን ጠጅ ግን በግልጽ ሲጠመቅ ያየው በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት ነበር። ለቅዳሴ የሚሆነው ከዘቢብ ተዘፍዝፎ እንደሚዘጋጅም መዝግቧል፤ ይህ ሥርዓት ዛሬም አለ። እኛ በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን የምናውቅ ሰዎች፣ በዚህ ምድር ወይንና ዘቢብ ቅዳሴ ሲያገለግሉ ምን ያህል ዘመን እንደቆዩ መገመት አይቸግረንም። ዕለት ዕለት በግብር ላይ የሚጠጣው ግን ጠጅ ነበር።

ስለዚህ በጠጅ መሥራት ታሪክንም አያስቀይምም። የአሠራሩ ሕግ ግን ይለያል። ጠጅ ጌሾ አለበት፤ ጌሾ መራራ ነው፤ ቅርንፉድና ካሲያ ከተጨመሩበት ምሬቱ ይበረታል። ስለዚህ ቅርንፉዱን ጨርሳችሁ አውጡት፣ ቀረፋውን በግማሽ ቀንሱ፣ ኮረሪማውንና ዝንጅብሉን እንዳሉ ተዉአቸው። ማር አትጨምሩ፤ ማሩ አለበት። ጠጁ በሚገባ የበሰለና የጠለለ ይሁን። ገና እየተብላላ ያለውን በጠርሙስ ከዘጋችሁት ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። እንዲህ የተሠራው ሂፖክራስ አይባልም፤ ከክላሬ ጋር ግን በማሩ ይዛመዳል፣ በብርሌም ያምራል።

ስለ ጥንቃቄም ልናገር። ቅመምና ማር የአልኮሉን ጣዕም ስለሚሸፍኑ ሰው ከልኩ በላይ ሳያውቀው ይጠጣል። ትንሽ ብርጭቆ፣ ከምግብ በኋላ፤ የጥንቶቹም ልክ ይኸው ነበር። መኪና የሚነዳ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይንካው። ለእነሱና ለልጆች ያንኑ ቅመም በቀይ የወይን ጭማቂ ላይ ሥሩ፤ ጭማቂው ጣፋጭ ስለሆነ ማሩን ትታችሁ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። ገበታው ላይ ማንም ባዶ እጁን አይቀመጥም።

አድማጮቻችን፣ ከዛሬው ዝግጅት ሁሉም ቢረሳችሁ ይህን ያዙ። ለቅመም ወይን ገበያ ስትወጡ መጀመሪያ ሾላ፣ ቀጥሎ ወይን ሱቅ ሂዱ። ጥሩ ኮረሪማ፣ ጥሩ ቀረፋ፣ ጥሩ ማር ከተገኘ ወይኑ ወጣት፣ ቀለል ያለ፣ ኮምጠጥ የሚልና በርሜል ያልነካው መሆኑ ይበቃዋል። ገንዘባችሁን ለቅመሙና ለማሩ አውጡ። ውዱንና የቆየውን ጠርሙስ እንግዳ ሲመጣ እንዳለ ክፈቱት፤ እሱ ቅመም አይፈልግም።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ የሠራችሁት እንዴት እንደወጣላችሁ በስልክ መስመራችን ንገሩን፤ ያልተሳካለት ካለ ምክንያቱን አብረን እንፈልጋለን። ደኅና ሁኑ፤ መልካም የጥምቀት በዓል!

(የመዝጊያ ሙዚቃ)